«አዲስ አበባን ልቀቁ» ላሉን ጸሐፊ ከሐዋሳ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። አዲስ አበባን ለቅቀው ሐዋሳ የገቡ ጸሐፊ ኑሯቸው እንዴት እንደ ተቃና ይተርኩና የመዲናዋን ነዋሪ በሙሉ ጓዝህን ጠቅልለህ ውጣ ይሉታል። ለእኔም ከብዙ ሰው ደርሶኛል። ገሚሱ «እውነት ነው?» ብሎ የላከው ነው፤ ገሚሱ ግን ምንም ሳይጠይቅ «ቤት ፈልግልኝ» ብሏል። ይህን ምላሽ ያስጻፉኝ ሁለተኛዎቹ ናቸው።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ የምተዳደረው የሰው ሒሳብ በመሥራት ነው፤ የመመለስ ሐሳብም የለኝም። ስለዚህ የምኖርባትን ከተማ ላንኳስስ የተነሣሁ የሚመስለው አንባቢ ልቡን ያሳርፍ። ጠቤ ከጽሑፉ ስሌት ጋር ነው።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። የቤት ኪራይ በግማሽ ስለሚቀንስ ልዩነቱ ተጠራቅሞ የራስን ቤት ይሠራል ይላሉ። ምግብና ሌላው ወጪም እንዲሁ ይረክሳል። ኢንተርኔት ባለበት ዘመን ሥራ ከተማ አይመርጥም፤ ንግድ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ፉክክሩ ቀላል ነው። በመኪና መጨናነቅ የሚባክነው ዕድሜ ይመለሳል፤ አየሩ ለጤናም ለልጆችም ይስማማል። ካልተመቸም መመለስ ይቻላል፤ መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አዲስ አበባን የሙጥኝ ያለውን ሰው ያሰረው ፍርሃትና ልማድ ብቻ ነው ብለው ይደመድማሉ። ሐዋሳን በምሳሌነት ያንሡ እንጂ ምክራቸው ለአዳማም፣ ለባሕር ዳርም፣ ለድሬዳዋም እንደሚሠራ ጨምረው ነግረውናል።

ከኪራዩ ልጀምር፤ ጽሑፉን እንዲህ ያስወደደው እርሱ ነውና። ሐዋሳ ውስጥ ኪራይ ከአዲስ አበባ ይረክሳል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጸሐፊው ያስተያዩት የቦሌን አፓርታማ እዚህ ሐዋሳ ከአቶቴ ሰፈር ወዲያ ካለ ግቢ ቤት ጋር ነው። ቦሌ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው መጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው ሌላውን አዲስ አበባና ዳርቻዋን ነው፤ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬን። «እነዚያ ሩቅ ናቸው» የሚል ካለ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ ላስታውሰው። መሀሉን ከመሀል፣ ዳርቻውን ከዳርቻ ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነት ያገኛል፤ ግማሽ ግን ብዙውን ጊዜ አያገኝም። በተለይ ወደ ሐይቁ በተጠጉ ሰፈሮች ዋጋ የጠየቀ ሰው ደንግጦ ሲወጣ አይቻለሁ።

ይህም ቢሆን ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ ስሕተት ኪራይን ከገቢ ለይቶ መቁጠር ነው። ለማስረዳት ያህል ቁጥር ልውሰድ። ባልና ሚስት ሁለቱም ይሠራሉ እንበል። አዲስ አበባ ለቤት 22,000 ብር ይከፍሉ ነበር፤ ሐዋሳ 12,000 አገኙ። በወር 10,000 ብር ተረፋቸው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ደርሰው እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። እኔ ግን አንድ መስመር ወረድ እላለሁ። ለመዛወር ያሰበው ባል ሥራው አብሮት ይሄዳል እንበል፤ ሚስትየው ግን አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በላቦራቶሪ ባለሙያነት 14,000 ብር ታገኝ ነበር። ያን ሥራ ትታ ትመጣለች። እዚህ ያሉት የግል ክሊኒኮች ቁጥራቸው ያነሰ ነው፤ ክፍት ቦታ እስኪገኝ ወራት ይሄዳሉ፤ ሲገኝም ደመወዙ የሚተመነው በከተማው ዋጋ ነው። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ «ከ9,000 በላይ አንከፍልም» ቢሏት የምታነሣው ሕግ የለም። ሥራ ባጣችባቸው ወራት ቤተሰቡ በየወሩ 4,000 ብር ይጎድልበታል፤ ሥራ ስታገኝ ደግሞ የተረፈው 10,000 ወደ 5,000 ይወርዳል። ከዚያ ላይ የዕቃ ማጓጓዣው፣ የደላላው፣ የቅድሚያ ክፍያው፣ አዲስ አበባ ለለቅሶና ለሠርግ የሚመላለሱበት ወጪ አለ።

አያትም አለች። ጸሐፊው ስለ ልጆቻቸው ደጋግመው ይጽፋሉ፤ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣቸው ግን አልነገሩንም። በብዙ የአዲስ አበባ ቤት ይህን ሥራ የምትሠራው የእናት እናት ወይም የአባት እኅት ናት፤ ያለ ደመወዝ። ከተማ ሲለወጥ ይህ አገልግሎት ደመወዝ የሚከፈልበት ይሆናል። በሒሳብ ሙያ ያልተከፈለበት ነገር መዝገብ ላይ አይታይም፤ በቤተሰብ ሒሳብ ግን ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ሆኖ ይገኛል።

«ልዩነቱ ቤት ይሠራል» ስለተባለው ደግሞ፦ ሲሚንቶው የሚመጣው በአብዛኛው ከሙገር፣ ከደርባ፣ አሁን ደግሞ ከለሚ ነው፤ ሦስቱም ከአዲስ አበባ ወዲያ ናቸው። ሐዋሳ ሲደርስ የጭነት ዋጋ ተጨምሮበት እንጂ ተቀንሶለት አይደለም። ብረቱም ወይ ከጂቡቲ ወይ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ፋብሪካዎች የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የግንባታ ዕቃ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ ሰው ከኪራይ በተረፈ ብር ቤት አይሠራም። በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ማግኘት ይቻላል የሚባለውም ቢሆን ለከተማው ነባር ነዋሪ የተቀመጠ እንጂ ትናንት ከአውቶቡስ ለወረደ ሰው አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ይኸው እስከ ዛሬ ዕጣ የሚጠብቅ ቆጣቢ ደግሞ የተመዘገበው የአዲስ አበባ ነዋሪ በመሆኑ ነው። ነዋሪነቱን ሰጥቶ ሲወጣ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ምን ይሆናል? ጽሑፉ ስለዚህ ዝም ብሏል።

በዚህ ክፍል የጸሐፊውን ሐሳብ የሚያግዝ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሳቸው ባያነሡትም ላንሣላቸው። የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ስኬል አገር አቀፍ ነው። ዝውውር የተፈቀደላት መምህርት ወይም ነርስ ያንኑ ደመወዝ ይዛ ኪራይ ወደሚቀልበት ከተማ ስትገባ ትርፉ እውነተኛ ነው። ችግሩ ዝውውር የሚፈቀደው ተቀባዩ ቦታ ክፍት መደብና በጀት ሲኖረው መሆኑ ላይ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ዓሣ፣ አቮካዶና ቆጮ እዚህ ይረክሳሉ፤ ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት የወጣን ዓሣ አዲስ አበባ በዚያ ዋጋ ማግኘት አይቻልም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ በየቀኑ የሚበላው እንጀራ ነው፤ የጤፍ አገር ደግሞ አድአ፣ በቾና ጎጃም ናቸው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ የልጅ ወተቱ፣ ሳሙናው በሞጆ በኩል አልፎ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በምግብ በኩል ልዩነቱን የሚያገኘው ዓሣ አዘውትሮ የሚበላ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሥራ ከተማ አይመርጥም የሚለው አባባል ለጥቂቶች እውነት ነው፤ ጽሑፉ ግን ለሁሉም አደረገው። ኢንተርኔቱን ብቻ እንኳ ብንይዝ፣ ጸሐፊው ባሕር ዳርን ከሐዋሳ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲደረድሩ አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ዘልለዋል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። «ከባሕር ዳር ሆኜ ለአዲስ አበባ ድርጅት እሠራለሁ» ብሎ ሐይቅ ዳር ቤት የተከራየ ሰው በዚያ ዓመት ምን በላ? ባሕር ዳር ውብ ከተማ ናት፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይም ሌላ ውበት ጨምሮላታል። ይህ ግን ለዚያ ሰው ጥያቄ መልስ አይሆነውም። አራት ከተሞችን በአንድ ምክር መጠቅለል የማይቻለው ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ስለ ሐዋሳ ሥራ ሲያወሩ ኢንዱስትሪ ፓርኩን እንደ መተማመኛ ጠቅሰዋል። እኔ ያንኑ ፓርክ ለተቃራኒው ነገር ማስረጃ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀጥሮ ነበር ከተማዋን የለወጣት፤ በዙሪያው ኪራይ ያሻቀበውም በእርሱ ምክንያት ነው። ከዚያ ትልቁ ስም የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ለቅቆ መውጣቱን አስታወቀ፤ በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ታገደች። ለጥልፉና ለስፌቱ ሥራ ሲባል ከአዲስ አበባ የመጣ የምርት ተቆጣጣሪ በዚያ ወር ሥራውን ቢያጣ፣ ያን ሙያ የሚፈልግ ሌላ ቀጣሪ በከተማው ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንድ ፋብሪካ ቢዘጋ ሰውየው በዚያው ታክሲ ሌላ በር ያንኳኳል። የትልቅ ከተማ ኪራይ ከሚገዛቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሥራ ሲጠፋ ሌላ ሥራ በአቅራቢያ መኖሩ። ደኅና በሆንበት ወር ዋጋው አይታየንም።

ሌላም አለ፤ ይህኛውን ከሐዋሳ ሰው የተሻለ የሚያውቀው የለም። ሐዋሳ ለዓመታት የደቡብ ክልል መዲና ነበረች። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላም የደቡብ ክልል መሥሪያ ቤቶች እዚሁ ቆይተው ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ግን ክልሉ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ሲከፈል ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሆሳዕና፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራ እያሉ ተበተኑ። ሐዋሳ ቤት ሠርቶ፣ ልጆቹን እዚህ አስገብቶ፣ ሚስቱ እዚህ ሱቅ ከፍታ የሚኖር የቢሮ ባለሙያ ሥራው በአንድ ደብዳቤ ሌላ ከተማ ሄደበት። ከጎረቤቶቼ መካከል ሰኞ ንጋት ተነሥቶ ሄዶ ዓርብ ማታ የሚመለስ አባወራ ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ወይም ፈሪዎች አይደሉም። ከተማዋ የቆመችበት ምሰሶ ጥቂት ስለ ነበረ አንዱ ሲነቀል ብዙ ቤት ተናወጠ። ክልሎች በሚደራጁበትና በሚከፋፈሉበት በዚህ ዘመን የክልል ከተማን ተስፋ አድርጎ የሚንቀሳቀስ ሰው ይህን ታሪክ ሳያውቅ ጓዙን መጫን የለበትም።

ንግዱስ? ፉክክሩ ቀላል ነው የተባለው እውነት ነው፤ ገበያውም ግን ትንሽ ነው። የሐዋሳ ሆቴሎችና ካፌዎች የሚተነፍሱት በቅዳሜና እሑድ እንግዳ፣ በበዓል ሰሞንና በስብሰባ ነው። የሥልጠናና የስብሰባ በጀት ሲለቀቅ የውሎ አበሉ ከተማውን ያጥለቀልቀዋል፤ በጀት ሲዘጋ ደግሞ ማክሰኞ ከሰዓት አስተናጋጆቹ እርስ በርሳቸው ቡና ይጋበዛሉ። በአዲስ አበባ ዋጋና በአዲስ አበባ ኪራይ ልምድ እዚህ ካፌ የከፈተ ሰው ሒሳቡን ይዞልኝ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ በሐምሌ ስንት ሸጥህ የሚለው ነው። ተሳክቶላቸው የከበሩም አሉ፤ ግን አብዛኞቹ ሐዋሳ የሌለ ነገር ይዘው የመጡ ናቸው፤ የማሽን ጥገና፣ የጥርስ ሕክምና፣ የሕፃናት መዋያ። አሥራ አንደኛውን የጁስ ቤት የከፈቱት አይደሉም።

ስለ ጊዜ ጸሐፊው የጻፉትን ያለ ተቃውሞ እቀበላለሁ። ከሥራ ወጥቶ በባጃጅ ቤት መግባት፣ ልብስ ለውጦ ሐይቅ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ መድረስ፣ ይህ እዚህ የተለመደ ነገር ነው። መገናኛ ላይ ሰልፍ ቆሞ ያመሸ ሰው ይህን ሲያነብ ቢቆጨው አልፈርድበትም። የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለሥራ ቅርብ ወደ ሆነ ሰፈር መዛወርም መዛወር ነው። አንዲት ክፍል ቀንሶ፣ ትንሽ ኪራይ ጨምሮ፣ ሥራው አጠገብ የገባ ሰው ከዚያ ጊዜ አብዛኛውን ያስመልሳል፤ ሥራውን፣ ዕድሩንና እናቱን ሳይተው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሐዋሳ ከመዝለል በፊት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሳሪስ የሚለው ስሌት ይሠራ።

የአየሩን ነገር ግን በዝምታ ማለፍ አይቻልም፤ ምክራቸውን ተከትሎ የሚመጣ ሕፃን አለና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሐዋሳና አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር 1,800፣ ድሬዳዋ 1,200 ናቸው። በአገራችን ወባ በዋናነት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ጸሐፊው የዘረዘሯቸው አራቱም ከተሞች እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ፤ በጽሑፋቸው ግን ወባ የምትል ቃል የለችም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ወባ በአገር ደረጃ ክፉኛ አገርሽቶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ደገኛ ሆኖ ያደገ ልጅ ሰውነቱ አያውቃትም፤ አጎበር ከአልጋ ጋር የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ትኩሳት በመጣ ቁጥርም «ጉንፋን ነው» ብሎ ማሳደር እዚህ አይሠራም። ሌላው ውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በወንጂና በባቱ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ለምን እንደ ጠየመ ምክንያቱ እርሱ ነው። የሚከራዩት ግቢ ውሃው የከተማው መስመር ይሁን የጉድጓድ ብሎ መጠየቅ የኪራዩን ዋጋ ከመጠየቅ እኩል ነው፤ በተለይ ጥርሱ ገና የሚበቅል ልጅ ላለው ሰው።

ሕክምናን በተመለከተ ሐዋሳ ጥሩ ደረጃ ላይ ናት፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከሩቅ አገር ጭምር ሕመምተኛ ይቀበላል። ለተራ ሕመም አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ከባድና ያልተለመደ ሕመም ሲሆን ግን የምንላከው ወደ ጥቁር አንበሳና ወደ መዲናዋ የግል ሆስፒታሎች ነው። የዘወትር ክትትል ያላቸውን ወላጆች ይዞ የሚመጣ ሰው ክትትሉ የትና በስንት ጊዜ እንደሆነ አስቀድሞ ያስላ።

ጸሐፊው ልጆች በነፃነት ይቦርቃሉ ያሉትን ወድጄዋለሁ። ከመቦረቅ ቀጥሎ ግን ትምህርት አለ። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ የኦሮሚያ ደግሞ አፋን ኦሮሞ። ይህ የክልሎቹ መብት ነው፤ ቅሬታ የለኝም፤ የእኔ ልጆች ሲዳምኛ ከእኔ በተሻለ ይናገራሉ። ነገር ግን በአማርኛ ሲማር የቆየ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይዞ የሚመጣ ወላጅ በየትኛው ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በየትኛው ሰፈር እንዳለ፣ የግል ከሆነ ክፍያውን፣ የመንግሥት ከሆነ ቦታ መኖሩን ሳያጣራ መኪና መጥራት የለበትም። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በየክልሉ ስለሆነ በእነዚህ ክፍሎች መካከል ልጅን ማዛወር ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። አዋቂውም ቢሆን የክልል መሥሪያ ቤት ሥራ የሚያስብ ከሆነ ቋንቋው ይጠየቃል። ባሕር ዳርና ድሬዳዋ በዚህ በኩል ለአማርኛ ተናጋሪ ይቀልላሉ፤ ከተሞቹ አንድ አይደሉም ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ካልተስማማህ ትመለሳለህ የሚለው ምክር ከሁሉም የበለጠ ያሳሰበኝ ነው፤ ቀላል ስለሚመስል። መንገዱን እንተወው፤ እስከ ባቱ ፈጣኑ መንገድ አለ፤ ከዚያ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን ከነገበያቸው ማለፍ ነው፤ በበዓል ዋዜማ የግማሽ ቀን የተባለው ቀኑን ሙሉ ይሆናል። መመለስን የሚያከብደው ግን ወረቀቱ ነው። አዲስ ቀበሌ ለመመዝገብ ከቀድሞው መሸኛ ማምጣት ያስፈልጋል፤ መሸኛ ሲወሰድ የአዲስ አበባ መታወቂያ ይመለሳል። አዲስ አበባ አዲስ የነዋሪነት መታወቂያ መስጠት ያቆመችባቸው ጊዜያት እንደ ነበሩ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፋይዳ ማን መሆንህን ይመሰክራል እንጂ የየት ወረዳ ነዋሪ መሆንህን አይተካም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተሰብም የተመዘገበው በወረዳው ነው።

ቤቱም አይጠብቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ የኪራይ ጭማሪም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ እንዳይወሰን ደንግጓል። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ውሉን አስመዝግቦ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ተከራይ ከቀድሞው የተሻለ መያዣ አለው። ለቅቆ ሲወጣ ያን መያዣ ጥሎ ነው የሚወጣው። ከዓመት በኋላ ሲመለስ የሚያገኘው ደላላ፣ የዕለቱን ዋጋና ምናልባትም የፈረሰ ሰፈር ነው፤ ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ስንት ሰፈር እንደ ተነሣ የአዲስ አበባ ሰው ከእኔ የበለጠ ያውቃል። የዓመታት መዋጮ ያለበት ዕድርም እንዲሁ ነው፤ ሰፈሩን የለቀቀ አባል በብዙ ቦታ አባልነቱ ይላላል፤ አዲሱ ዕድር ደግሞ መግቢያ ይጠይቃል። ጸሐፊው የሐዋሳ ዕድሮች እንግዳ ተቀባይ ናቸው ማለታቸው ልክ ነው፤ እኔም በራሴ አይቻለሁ። የመግቢያውን ገንዘብ ግን ሁለቴ የሚከፍል ሰው መኖሩን ባይዘነጉ።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ይምጣ። በፍቼ ጫምባላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ወይም በፋሲካ ሰሞን ሳይሆን በሐምሌ ይምጣ። የአዲስ አበባው ውል ሳይፈርስ፣ መሸኛ ሳይወሰድ፣ ጥቂት ወራት ይሥራ። በእነዚያ ወራት የሚከፈለው ድርብ ኪራይ ውድ ይመስላል፤ ተመልሶ ቤት ከመፈለግ ግን ይረክሳል።

የቀረው የፍርሃቱ ነገር ነው። አዲስ አበባ የቀረውን ሰው ፈሪ፣ የወጣውን ደፋር ማለት ለንባብ ይጥማል፤ እኔ የማያቸውን ሰዎች ግን አይገልጻቸውም። አዲስ አበባ የራሱ ቤት ያለው ጡረተኛ ቤቱን አከራይቶ፣ በዚያ ኪራይ እዚህ በግማሹ ተከራይቶ ሲኖር ሒሳቡ እንደ ወርቅ ያበራል፤ ነገውኑ ይምጣ እላለሁ። ዝውውር ያገኘች መምህርትም ትምጣ። አገልግሎቱን ለውጭ አገር ደንበኛ የሚሸጥ የኮምፒውተር ባለሙያም መጠባበቂያ መስመርና ባትሪ ይዞ ይምጣ። በአንጻሩ መርካቶ ውስጥ በዱቤና በመተማመን የሚነግድ ነጋዴ ከተማ ቢለውጥ ካፒታሉን ጥሎ እንደ መሄድ ነው፤ ካፒታሉ የሚያውቁት ሰዎች ናቸውና። እርሱ ባለበት ሲቀር ያሰረው ፍርሃት ነው የሚል ሰው ደብተሩን አላየም።

ጸሐፊው ራሳቸውም ከመጀመሪያዎቹ ወገን ናቸው። በጽሑፋቸው መጨረሻ አካባቢ፣ ስለ ሐይቁ ምሽት በሚያወሩበት አንቀጽ ውስጥ፣ ደመወዛቸውን በየወሩ የሚልክላቸው አዲስ አበባ ያለ ድርጅት መሆኑን በአንዲት ሐረግ ጠቅሰውታል። ያቺን ሐረግ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ አውጥተዋት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።